የጨርጨርን አፈር የመዘኑ ሰዎች



ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር በመኪና የሚጓዝ ሰው የአዋሽን ቆላ አቋርጦ ሚኤሶን ካለፈ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጨርጨር ተራሮች ሽቅብ ይወስደዋል። ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ የግራሩ ቍጥቋጦ ይቀርና ማሽላና ጫት ጎን ለጎን የቆሙበት ማሳ ይታያል፤ ቀጥሎም ዛሬ ጭሮ የምትባለው አሰበ ተፈሪ ብቅ ትላለች። ጉዞው በክረምት ሆኖ ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ ይህ መንገደኛ ከአንዱ ድልድይ ላይ ቆሞ ወደ ታች ቢመለከት የሚያየው ጎርፍ የውሃ መልክ የለውም፤ የሚወርደው ጭቃ ነው። «ወይ አፈራችን፤ ይኸው ሄደ» ብሎ ማዘን ለማንም አይቸግርም። ነገር ግን ስንት ሄደ? ከየትኛው ማሳ ሄደ? በየትኛው ወር ሄደ? ምን ቢደረግስ ይቀር ነበር? ተብሎ የተጠየቀ እንደ ሆነ ብቻውን ሊመልስ የሚችል ሊቅ የለም። መልሱ መገኘት የጀመረው ልዩ ልዩ ሙያ ያላቸው ሰዎች አንድ ትንሽ ሸለቆ መርጠው፣ በዚያው ተቀምጠው፣ የሰማዩንም የምድሩንም ሒሳብ በአንድ መዝገብ መጻፍ በጀመሩ ጊዜ ነው። ከእነዚህ ሸለቆዎች አንዱ የሚገኘው በምዕራብ ሐረርጌ ነውና የዛሬው ንግግሬ ስለዚያ ሥራ ይሆናል። ጉዳዩ የተጻፈባቸው ሰነዶች አብዛኞቹ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ስለ ተዘጋጁ እኔም ዓመቶቹን በዚያው አቈጣጠር እጠቅሳለሁ።

አስቀድሞ ስለ አገሩ ጥቂት መናገር ይገባል። የጨርጨር ተራራ ውሃን ለሁለት የሚከፍል ጀርባ ነው። በሰሜኑ ገጽ የወደቀው ዝናብ ወደ አዋሽ ወርዶ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል፤ በደቡቡ ገጽ የወደቀው ደግሞ ወደ ዋቢ ሸበሌ ገብቶ የሶማሌን ሜዳ እያጠጣ ይሄዳል። ስለዚህ በጨርጨር ደጋ ላይ አንድ ገበሬ ማሳውን በደንብ መያዙ ወይም አለመያዙ የራሱ ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ ከእርሱ በታች በሁለቱም ወገን ወንዙን ጠብቆ የሚኖር ብዙ ሕዝብ አለ። ዝናቡም በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ በልግና ክረምት ማለት ነው። ገበሬው ማሽላውንና በቆሎውን በበልጉ ዝናብ ዘርቶ ሰብሉን በክረምቱ ያሳድጋል። በልጉ የዘገየ እንደ ሆነ የዓመቱ ሒሳብ ሁሉ ይዛባል።

የከተማዋም ታሪክ ከዚህ ጉዳይ የራቀ አይደለም። አሰበ ተፈሪ ማለት «ተፈሪ አሰበ» ማለት ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጨርጨርን ለሌላው አገር ምሳሌ የሚሆን ግዛት እንዲሆን አስበው በ1920ዎቹ መጀመሪያ አስተዳደሩን ለበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሰጧቸው፤ ከተማዋንም የቈረቈሩት እኒህ ሰው ናቸው። ተክለ ሐዋርያት በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛነት ትምህርት የተማሩ፣ ኋላም በፈረንሳይ አገር የእርሻ ትምህርት የቀሰሙ፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴያትር የደረሱ፣ የ1931ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ በ1935 በዤኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩ ሰው ናቸው። በመጨረሻም የኖሩት በዚያው በጨርጨር፣ በሂርና፣ በእርሻቸው ላይ ነበር። ከእርሳቸው በኋላ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ግዛቱን ያስተዳደሩት ደግሞ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ፤ እርሳቸውም በሙያቸው ሐኪም ሲሆኑ በጨርጨር መንገድ በማሠራት ብዙ ደከሙ። አንድ አገር ጸሐፌ ተውኔትና ሐኪም በተከታታይ ሲያስተዳድሩት ማየት ዛሬ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ነው። በዚያ ዘመን ግን የተማረ ሰው ጥቂት ስለ ነበረ አንዱ ሰው የብዙውን ሙያ ሥራ ይሠራ ነበር። ሙያው ለየብቻው ተከፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል፣ ለእያንዳንዱም መሥሪያ ቤት፣ ለእያንዳንዱም ማኅተም የተበጀለት ከዚያ ወዲህ ነው።

ከጨርጨር ወደ ምሥራቅ፣ በሐረር አጠገብ፣ በዓለማያ ሐይቅ ዳር የእርሻ ኮሌጅ የተመሠረተውም በዚሁ በመከፋፈሉ ዘመን ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ከአሜሪካው ከኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ጋር በ1952 ተዋውሎ ትምህርቱ መጀመሪያ በጅማ ተጀመረ፤ በዓለማያም በ1956 ተከፈተ። ሐሳቡ በሦስት ጉልቻ የቆመ ነበር፤ ይኸውም ማስተማር፣ መመራመር፣ የምርምሩንም ፍሬ ለገበሬው ማድረስ ነው። ከዚያ ኮሌጅ የወጡት ሰዎች በእርሻ ሚኒስቴርና በየጠቅላይ ግዛቱ ተሰማርተው ለአገር ብዙ አገልግለዋል። ይሁን እንጂ አፈሩን ያጠና በአፈር ክፍል፣ ሰብሉን ያጠና በሰብል ክፍል፣ ከብቱን ያጠና በከብት ክፍል መቀመጡ አልቀረም። ጎርፉ ግን ክፍል አያውቅም፤ አፈሩንም ሰብሉንም የከብቱን ግጦሽ ሣርም በአንድነት ጠርጎ ይወስዳል።

በ1973 እና በ1974 በወሎ የደረሰው ረኀብ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ የደጋው መሬት መራቈት የመንግሥት ጭንቀት ሆነ። በዓለም የምግብ ፕሮግራም እርዳታ፣ ለሠራተኛው እህልና ዘይት እየተሰፈረለት፣ በየተራራው እርከን ይሠራ ጀመር። ሥራው እጅግ ሰፊ ነበር። ነገር ግን እርከኑ በምን ያህል ርቀት ይሠራ? በየትኛው አፈር ላይ ይጠቅማል? በየትኛውስ ይጎዳል? የሚለውን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ መመሪያው አንድ ሲሆን አገሩ ግን ብዙ ዓይነት ነው። የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት የተባለው ሥራ በ1981 የተጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። ሥራውን የያዙት የእርሻ ሚኒስቴርና በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑ ገንዘቡን የስዊዘርላንድ መንግሥት ረዳ። የመሩትም ሐንስ ሁርኒ የሚባሉ የጂኦግራፊ ምሁር ናቸው፤ እኒህ ሰው ከዚያ በፊት የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጠባቂ ሆነው ስለ ሠሩ የኢትዮጵያን ደጋ በእግራቸው ያወቁት ነበር።

የምርምር ጣቢያዎቹም በአገሩ ልዩ ልዩ ክፍል ተመረጡ። ማይባር በወሎ፣ አንዲት ጥድ በሸዋ፣ አንጀኒ በጎጃም፣ ጉኑኖ በሲዳሞ፣ ዲዚ በኢሉባቦር፣ አፍደዩ በኤርትራ ነበሩ። ለሐረርጌ የተመረጠውና በ1982 ሥራ የጀመረው ሁንዴ ላፍቶ በጨርጨር ተራሮች ውስጥ ያለ ሸለቆ ነው። ስፋቱ ወደ 240 ሄክታር ገደማ ብቻ ነው። አንድ ሰው በግማሽ ቀን ዞሮት ይመለሳል።

እንግዲህ በዚህ ትንሽ ሸለቆ ውስጥ ምን ተደረገ? ከሁሉ አስቀድሞ የዝናብ መለኪያ ተተከለ። የተፈለገው በቀን ስንት ዝናብ እንደ ጣለ ማወቅ ብቻ አልነበረም፤ በምን ያህል ደቂቃ ውስጥ እንደ ጣለም ተመዘገበ። ቀኑን ሙሉ በቀስታ የሚወርድ ካፊያና በግማሽ ሰዓት የሚወርድ ዶፍ ልካቸው እኩል ቢሆንም በአፈር ላይ የሚያደርሱት ጉዳት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ይህ የአየር ጠባይ አዋቂዎች ድርሻ ነው። ከዳገቱ ላይ ደግሞ በቆርቆሮ የታጠሩ ትንንሽ መደቦች ተበጁ፤ ከግርጌያቸውም ገንዳ ተቀበረ። ዝናብ በጣለ ቍጥር ከመደቡ የወረደው ውሃና አፈር በገንዳው ይጠራቀምና ይለካል፤ ይመዘናል። ይህ የአፈር አዋቂዎች ድርሻ ነው። ሸለቆው ውሃውን በሚያስወጣበት በጕሮሮው ላይ የወንዝ መለኪያ ቆመ፤ ጎርፍ በመጣ ጊዜ የጣቢያው ሠራተኛ በየጥቂት ደቂቃው የውሃውን ከፍታ እያነበበ በጠርሙስ ናሙና ይቀዳል። ይህ የውሃ መሐንዲሶች ድርሻ ነው። በየወቅቱም ማሳው ሁሉ እየተዞረ የትኛው በማሽላ፣ የትኛው በባቄላ፣ የትኛው በጫት እንደ ተያዘ በካርታ ላይ ተጻፈ፤ ምርቱም ተመዘነ፤ ገበሬዎቹም ስለ ኑሯቸው ተጠየቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እወዳለሁ። የዚህ ሁሉ ምርምር መሠረት የሆነው ሰው በዶፍ ዝናብ መካከል፣ አንዳንድ ጊዜም በሌሊት፣ ፋኖስ ይዞ ወደ ወንዙ የሚወርደው የጣቢያው ሠራተኛ ነው። እርሱ በዚያ ሌሊት ተኝቶ ቢያድር በአገር ውስጥም ሆነ በባሕር ማዶ የሚገኝ ማናቸውም ሊቅ የዚያን ሌሊት ጎርፍ ሊያውቀው አይችልም። ስሙ በትልልቆቹ መጻሕፍት ሽፋን ላይ አይገኝም።

ታዲያ እነዚህ የተለያዩ ልኮች የሚገናኙት የት ነው? ዊሽማየርና ስሚዝ የሚባሉ ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከብዙ መደቦች ልክ ያወጡት አንድ የሒሳብ ቀመር አለ። ቀመሩ የዝናቡን ኀይል፣ የአፈሩን ዓይነት፣ የዳገቱን ርዝመት፣ የዳገቱን ቀጥ ማለት፣ የሰብሉን ሽፋን፣ የገበሬውን የጥበቃ ሥራ፣ እነዚህን ስድስቱን እርስ በርሳቸው ያባዛና በዓመት የሚታጠበውን አፈር ይሰጣል። ሁርኒ በ1985 ይህን ቀመር ከጣቢያዎቹ በተገኘው ልክ ለኢትዮጵያ እንዲስማማ አድርገው አዘጋጁት። የሒሳቡ ጠባይ ማባዛት መሆኑን አስተውሉ። ድምር ቢሆን ኖሮ የአንዱ ስሕተት በሌላው ብዛት ይሸፈን ነበር። በማባዛት ግን ስለ ዝናብ የሚያውቀው ሰው እጥፍ አድርጎ ቢሳሳት ሌሎቹ አምስቱ ምንም ያህል ቢጠነቀቁ መልሱ እጥፍ ሆኖ ይሳሳታል። አንዱ ሊቅ የሌላውን ሥራ ትክክለኛነት የራሱን ያህል እንዲጨነቅበት የሚያስገድድ ቀመር ነው።

የተገኘው መልስ አስደንጋጭ ነበር። በኢትዮጵያ ደጋ ከሚታረሰው መሬት ከአንድ ሄክታር በአማካይ በዓመት 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ተገመተ። ይህ 420 ኩንታል ነው። ከአንድ ሄክታር 20 ኩንታል ማሽላ የሰበሰበ ገበሬ ደኅና ዓመት ነበር ይላል፤ እንግዲያውስ ለእያንዳንዱ ኩንታል ማሽላ 21 ኩንታል አፈር ከፍሏል ማለት ነው። ውፍረቱ ሲታሰብ በዓመት ወደ 4 ሚሊሜትር ይሆናል። ለዐይን የማይታይ ነገር ነው፤ በ25 ዓመት ግን አንድ ጎልማሳ ልጁን ለማሳረስ በሚደርስበት ዘመን 10 ሳንቲሜትር ይሄዳል። ደግሞም አብዛኛው አፈር የሚሄደው ማሳው ታርሶ ሰብሉ ገና ባልሸፈነው ጊዜ በሚወርዱት ጥቂት ኀይለኛ ዝናቦች መሆኑ ታወቀ። በኅዳር የሚሰጥ ምክር ለዚህ አይጠቅምም ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ግን ደስ የሚል ብቻ አይደለም። እርከኑ አፈርን እንደሚይዝ በመደቦቹ ተረጋገጠ። ይሁን እንጂ ካርል ሄርቬግና ኤቫ ሉዲ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከጣቢያዎቹ የተገኘውን ውጤት መርምረው በ1999 ባወጡት ጽሑፍ እርከኑ የአፈርን መታጠብ እጅግ ቢቀንስም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርትን እንዳልጨመረ አስረዱ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በቀጥ ያለ ዳገት ላይ እርከኑ ራሱ ብዙ መሬት ይወስዳል፤ በሬ ለማዞር ያስቸግራል፤ አይጥ ይራባበታል፤ ዝናብ በሚበዛበት አገር ደግሞ ከበላዩ ውሃ ይቋጥርና ሰብሉን ያበሰብሳል። ይህን ሁሉ ገበሬው ከማንም በፊት ያውቅ ነበር፤ የጠየቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። በ1991 መንግሥት ሲለወጥ በብዙ የአገራችን ክፍል ገበሬው በቀበሌ ትእዛዝ የሠራውን እርከን በገዛ እጁ አፈረሰው። ድንቍርና ነው ብሎ የፈረደበት ሰው ነበር። እኔ ግን በሐረርጌ ደጋ ከጥንት ጀምሮ ማንም ሳያዘው አባት ለልጅ እያወረሰ ያቆየውን የድንጋይ እርከን ሳስብ ነገሩን ድንቍርና ለማለት አልደፍርም። ያ ለምን ቆመ? ይህስ ለምን ፈረሰ? ይህን ጥያቄ ለመመለስ የአፈር ሊቅ አይበቃም፤ ስለ መሬት ይዞታ፣ ስለ ሥራ ጉልበት፣ ስለ ትእዛዝና ስለ ፈቃድ የሚያጠና ሰው ያስፈልጋል። ይህ ክፍል ከሌሎቹ ዘግይቶ ወደ ጥናቱ መግባቱ ሥራውን ዋጋ አስከፍሎታል።

ሙያዎች በተገናኙ ጊዜ ምን ሊደረግ እንደሚቻል የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ ከዚያው ከሐረርጌ ወጥቷል። የተራቈተ መሬት ላይ ማሽላን የሚያጠቃ አቀንጭራ የሚባል አረም አለ፤ አበባው ያማረ ነው፤ ሥሩን ከማሽላው ሥር ላይ ተክሎ ይመጠዋል። በ1973 ከዓለማያ ኮሌጅ የተመረቁት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ላሪ በትለር ከሚባሉ የባዮኬሚስትሪ ምሁር ጋር ሆነው የማሽላው ሥር የአቀንጭራን ዘር ከመሬት ውስጥ የሚቀሰቅስ ቅመም እንደሚያመነጭ መረመሩ፤ ቅመሙን እምብዛም የማያመነጩትን ማሽላዎች መርጠውም አዳቀሉ። ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዘሮች በአገራችን የተሰራጩት ከዚህ የተነሣ ነው። ዘሩ ብቻውን አልተሰጠም፤ ከማዳበሪያና ውሃን በማሳ ውስጥ ከሚያቍር ትልም ጋር ተጣምሮ ነው የተሰጠው። ለዚህም ሥራቸው ገቢሳ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

በተቃራኒው የዓለማያ ሐይቅን እናንሣ። ይህ ሐይቅ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ሲሰጥ ቆይቶ በ2004 ገደማ ደረቀ። ብዙ ሰው «ዝናብ ጠፍቶ ነው» ይላል፤ ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ከዙሪያው ኰረብታ የታጠበው አፈር የሐይቁን ወለል ሞላው፤ ወለሉ ከፍ ሲል ውሃው ተዘርግቶ በፀሐይ ይተን ጀመር፤ ጫትና አትክልት የሚያጠጣው ሞተር ከዓመት ዓመት ተበራከተ፤ ከተሞቹም የሚቀዱት ውሃ ጨመረ። አፈሩን የሚጠብቅ አንድ ወገን፣ ሞተሩን የሚፈቅድ ሌላ ወገን፣ የከተማውን ቧንቧ የሚያስተዳድር ሦስተኛ ወገን ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ብቻ ቢመለከት ያደረሰው ጉዳት ትንሽ ይመስለዋል። ሐይቁ ግን የሁሉንም ድምር ነው የከፈለው። ለሐረርም ከድሬ ዳዋ ቆላ ከተቈፈሩ ጕድጓዶች ውሃ ሽቅብ በፓምፕ እየተገፋ መምጣት ግድ ሆነ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃ ወደ ሐይቁ ተመልሶ ታይቷል፤ ዳሩም በልማት ሠራተኞችና በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እየተጠበቀ ነው። ሞተሮቹም አሉ።

ወደ ጨርጨር እንመለስ። ዛሬ በጭሮ ከተማ በኢቱ ኦሮሞ የገዳ ጉባኤ ስፍራ ስም የተሰየመው የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ይገኛል፤ በመቻራም የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክቱ ዘመን በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲያበቃ ጣቢያዎቹ ለክልሎች ተላለፉ፤ በአንዳንዶቹም የዝናቡና የወንዙ ልክ ለዓመታት ተቋረጠ። በ2011 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የውሃና የመሬት ሀብት ማዕከል የቀድሞዎቹን መዝገቦች ሰብስቦ ልኩ እንደገና እንዲቀጠል ማድረግ ያዘ። የቀድሞዎቹ ዓመታት ቍጥሮች በመዝገቡ አሉ፤ ከዚያ በኋላ ለተቋረጡት ዓመታት ግን ገጹ ባዶ ነው። በእነዚያ ዓመታት ዝናቡ እንደ ወትሮው ዘንቧል፤ ወንዙም ሞልቶ ወርዷል። በጠርሙስ የቀዳው ሰው ግን አልነበረም።